ተረበኞቹ ፍቅረኞች፦ የሼክስፒርን ኮሜዲ አንብቦም አይቶም ለማጣጣም

ሼክስፒር ወደ አማርኛ የገባው በእንባ ነው። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት»ን አመጡልን። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ን እና «ሐምሌት»ን ጨመሩልን። አራቱም ሲያልቁ መድረኩ ላይ ሬሳ አለ። ስለዚህ ሼክስፒር ሲባል ብዙዎቻችን ገና ሽፋኑን ሳንገልጥ ፊታችንን እናኮሳትራለን። ሰውየው ግን ማሳቅም ያውቅበታል።

ይህ መመሪያ ስለ አንዱ የፍቅር ኮሜዲው ነው፦ «ማች አዱ አባውት ነቲንግ»። በእኛ አፍ «በከንቱ ብዙ ግርግር» እንበለው። የተጻፈው በ1598 ወይም በ1599 ገደማ ነው፤ የታተመው በ1600። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው ይህን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ዋናዎቹ ሰዎች፣ ቢያትሪስና ቤኔዲክ፣ ተረበኞች ናቸው። ሲገናኙ ሰላምታ የላቸውም፤ ቀጥታ ወደ ተረብ ነው። እየተተራረቡ ይፋቀራሉ። ድሬ ላይ ደግሞ የማይተረብ ሰው የማይወደድ ሰው ነው። ከዚራ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ሙድ ሲይዝ ላደገ ልጅ እነዚህን ሁለቱን ማን ያስረዳዋል? ራሱ ያስረዳ እንጂ አቦ!

ኮሜዲም ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ቴአትር የሚባለው «ፋቡላ» የአውሬዎች ኮሜዲ ነበር። ደራሲው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ በልጅነታቸው ሐረር፣ ራስ መኮንን ቤት ያደጉ ናቸው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልበል። ይህ ተውኔት የተጻፈው ለጆሮ ነው። ብቻውን ሆኖ በዓይኑ ብቻ ያነበበው ሰው ግማሹን ያጣዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው፦ ታሪኩን እወቁ፣ ሰው ሰብስቡ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ፊልሙን እዩ።

ታሪኩን ቀድማችሁ እወቁት

መጨረሻውን እንደ ተከታታይ ድራማ አትደብቁ። ተሰብሳቢው ሁሉ ቀድሞ ይወቀው። እዚህ ጨዋታው ያለው ማን፣ መቼ፣ ምን ይሰማል የሚለው ላይ ነው።

ቦታው የሲሲሊዋ መሲና ናት። ጦርነት አልቋል። የአራጎኑ ልዑል ዶን ፔድሮ ከመኮንኖቹ ጋር የከተማዋ ገዥ ሊዮናቶ ቤት ያርፋል። ወጣቱ ክላውዲዮ የሊዮናቶን ልጅ ሂሮን ይወዳታል። ራሱ ግን አይጠይቃትም። ልዑሉ በጭፈራ ምሽት ጭምብል አጥልቆ አማላጅ ይሆንለታል። የሰርጉ ቀን ይቆረጣል። እስከዚያ ያለውን ሳምንት በምን እንግፋው ሲባል ልዑሉ አንድ ተንኮል ያመጣል። የሂሮን ዘመድ ቢያትሪስን እና የክላውዲዮን ጓደኛ ቤኔዲክን እናፋቅራቸው ይላል። ሁለቱም ላለማግባት የማሉ ናቸው። ዘዴው ቀላል ነው። ቤኔዲክ ተደብቆ «ቢያትሪስ በፍቅሩ ልታብድ ነው» ሲባል ይስማ። ቢያትሪስም ተደብቃ ስለ እሱ ያንኑ ትስማ።

በሌላ በኩል የልዑሉ ዲቃላ ወንድም ዶን ጆን አለ። ሥራው ሰርጉን ማፍረስ ነው። ሎሌው ቦራቺዮ በሌሊት በሂሮ መስኮት ላይ ከደንገጡሯ ከማርጋሬት ጋር ይታያል። ክላውዲዮ ከሩቅ አይቶ ሂሮ ናት ብሎ ያምናል። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ ያዋርዳታል። ሂሮ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ቄሱ «ሞተች ብላችሁ አስወሩ» ብሎ ይመክራል። የሚያናድደው ነገር፣ ቦራቺዮ ሥራውን ለጓደኛው ሲያወራ የሌሊት ጠባቂዎች ሰምተው በዚያው ሌሊት ይዘውታል። እውነቱ ከሰርጉ በፊት ተገኝቷል። ሰሚ አጣ እንጂ።

ልብ በሉ። ሁለቱን ያፋቀረው ተደብቆ የተሰማ ወሬ ነው። ሂሮን ያዋረዳትም ወሬ ነው፤ ዶን ጆን ቀድሞ የክላውዲዮን ጆሮ ስለሞላው ነው ዓይኑ ያየውን ያየው። መሣሪያው አንድ ነው። «ኦቴሎ»ን በጸጋዬ አማርኛ ያነበበ ሰው ዶን ጆንን ሲያይ ኦቴሎን በወሬ ያሳተውን ያጎን ያስታውሰዋል። «ኦቴሎ» የተጻፈው ከዚህ ተውኔት ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያጎን ማንም አድብቶ አልሰማውም፤ የኦቴሎ ሚስት ዴስዴሞና ሞተች። ቦራቺዮን ግን ጅላጅል ዘበኞች ሰሙት። ልዩነቱ ይኼው ነው።

የክላውዲዮና የሂሮ ታሪክ ከቀድሞ የጣልያን ታሪኮች የተቀዳ ነው፤ አንዱ በ1554 የወጣው የባንዴሎ ልብ ወለድ ነው። የቢያትሪስና የቤኔዲክ ጠብ ግን የሼክስፒር የራሱ ፈጠራ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በገዛ ቅጂያቸው ላይ፣ ከተውኔቱ ርዕስ አጠገብ የእነዚህን የሁለቱን ስም ጽፈውበታል። እናንተም ልባችሁን እዚያው አድርጉ። የክላውዲዮ ፍቅር ቢያሰለቻችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

ጽሑፉን ስልካችሁ ላይ አውርዱ

ተውኔቱ የማንም ንብረት መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። በነጻ ይገኛል። የፎልገር ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ንጹሕ ጽሑፍ አለ። ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይም አለ። ኔትወርክ ደህና ሲሆን አንዴ አውርዱት፤ ከዚያ በኋላ መብራትም ኔትወርክም ቢሄድ ግድ የለም። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቅጂ ይያዝ። «የት ደረስን?» እየተባለ የሚባክነው ጊዜ ቀላል አይደለም።

እንግሊዝኛው የ400 ዓመት ነው። አትፍሩት። ከ«ሐምሌት» ይቀላል፤ አብዛኛው በስድ ንባብ ነው የተጻፈው። አምስት ገቢር፣ 17 ትዕይንት ነው። እያንዳንዱን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ እየፈለጋችሁ አትቁሙ። ዓረፍተ ነገሩ ስድብ መሆኑንና ወዴት እንደተወረወረ ካወቃችሁ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ካልተነገራችሁ ግራ ያጋባችኋል፦ ቀንድ። ቤኔዲክ አሁንም አሁንም ስለ ቀንድ ያወራል። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ሚስቱ የወሰለተችበት ባል ግንባሩ ላይ ቀንድ ይበቅላል እያሉ ይቀልዱ ነበር። ስለዚህ በሬና ቀንድ ባያችሁ ቁጥር ሰውየው የሚለው «ባገባ ትወሰልትብኛለች» ነው። ቀልዱ ሲደጋገም ፍርሃቱን ታዩታላችሁ። ክላውዲዮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያን ሁሉ የሚያደርገው ከዚሁ ፍርሃት የተነሣ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀልዶች የዘለለ አንባቢ እዚያ ሲደርስ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ይላል።

ሰው ሰብስቡ፣ ገጸ ባሕርይ አድሉ

ስድስት ሰው ይበቃል። ትናንሾቹን ሚናዎች አንድ ሰው ሁለት ሦስቱን ይያዝ። ሴት ካነሰ ወንድ ያንብብ። በሼክስፒር ዘመን ቢያትሪስን ራሷን የሚጫወተው ወንድ ልጅ ነበር።

ሰዓቱን አስቡበት። ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሰው ሰብስቦ ሼክስፒር ማስነበብ ግፍ ነው። ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ዘርጉ። ሳቢያንም ይሁን ከዚራ፣ ጥላ ያለበት ግቢ አይጠፋም። ሐረር ጀጎል ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ የታደላችሁ ናችሁ። የሐረሪ ቤት መደብ፣ ነደባው፣ ደረጃ ደረጃ ነው። ልዑሉን ከላይ፣ ዘበኞቹን ከታች አስቀምጡ፤ መድረኩ ያው ተሠራ። ሳምቡሳና ሙሸበክ ይኑር። ቡናውን ግን በየትዕይንቱ መሀል አድርጉት። ንባብ ላይ ሲኒ ሲንቃጨል ተረቡ አይሰማም።

አሁን ድልደላው። ቢያትሪስን ከመካከላችሁ መልስ ለማታጣው ስጡ። እንግሊዝኛዋ ጎበዝ መሆኑ ሁለተኛ ነገር ነው። ቤኔዲክን «እኔ? ትዳር? ወይኔ!» ለሚለው ጓደኛችሁ። ዶን ፔድሮ ረጋ ያለ፣ ሰው የሚያከብረው ይሁን። ዶን ጆን ጥቂት ቃል ያለው ኩርፍተኛ ነው፤ የማያወራ ሰው ካለ ለእሱ። ዶግቤሪ የሚባለው የዘበኞች አለቃ አለ። እሱን ስብሰባ ላይ ማይክ ከያዘ ለማይለቀው አጎታችሁ ስጡት። አያሳፍራችሁም።

በየትዕይንቱ መጨረሻ አንድ ሰው የተባለውን በአማርኛ ይንገር። ቃል በቃል አይሁን፤ እሱ ቢሆን እንዴት ይተርብ እንደነበር ይንገር። መሀላችሁ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ የሚችል ካለ ደግሞ በዚያም ይሞከር። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ ለሚቀላቅል የድሬ ልጅ ይህ ሥራ አይደለም፤ ጨዋታ ነው።

ሁሉንም በአንድ ምሽት ለመጨረስ አትሞክሩ። በሦስት ቢሆን ደስ ይላል፦ አንደኛው ከመጀመሪያው እስከ ጭምብሉ ጭፈራ፣ ሁለተኛው የአትክልቱ ቦታና የዘበኞቹ ትዕይንቶች፣ ሦስተኛው ከቤተ ክርስቲያን እስከ መጨረሻው።

የመጀመሪያው ምሽት፦ ጠቡን ስሙት

ቢያትሪስ መጀመሪያ አፏን ስትከፍት የምትጠይቀው ስለ ቤኔዲክ ነው። መልእክተኛው ስለ ጦርነቱ ያወራል፤ እሷ ግን ያ ጎራዴ ወዝዋዥ ተመልሷል ወይ ትላለች። ስሙን እንኳ አትጠራም። የገደለውን ሁሉ እበላለሁ ብላ እንደነበር ትናገራለች። ማንንም አልገደለም ማለቷ ነው። አንባቢዋ ይህን ስታነብ ንቀት እንድታሰማ ተዉአት። ሌሎቻችሁ ግን አስቡ፦ የማትፈልገውን ሰው ማን በመጀመሪያ ይጠይቃል?

ቤኔዲክ ሲመጣ እንዲህ ዓይነት ነገር ይባባላሉ፦

«አሁንም ያወራሉ እንዴ ሲኞር ቤኔዲክ? ሰሚ እኮ የለም።»

«እንዴ፣ እሜቴ ንቀት! እስካሁን በሕይወት አሉ?»

ይህችን ቦታ ደግማችሁ አንብቧት። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ፣ ከዚያ ትንፋሽ ሳትሰጡ። ተረብ መዘግየት አይወድም። አንዱ የተናገረውን ቃል ሌላው አንሥቶ መልሶ ይወረውረዋል፤ ያችን ቃል አንባቢው ጠበቅ ያድርጋት።

በጭምብሉ ጭፈራ ላይ ቢያትሪስ የምታነጋግረው ጭምብል የለበሰ ሰው ቤኔዲክ ነው። «ቤኔዲክ ማነው?» ይላታል። «የልዑሉ አጫዋች ነው፤ ደደብ ቀልደኛ» ትለዋለች። አወቀችው ወይስ አላወቀችውም? ተውኔቱ አይነግረንም። አንባቢዎቹ ይወስኑ። እኔ አውቃዋለች ባይ ነኝ። ቤኔዲክ ግን ቆስሏል። ከዚያ በኋላ ለልዑሉ የሚያሰማው ረጅም እሮሮ የተናቀ ሰው እሮሮ አይደለም፤ የሚወዳት ሴት የናቀችው ሰው እሮሮ ነው።

እዚያው ላይ ሁለት ነገር እንዳያመልጣችሁ። ልዑሉ ቢያትሪስን የቤኔዲክን ልብ አጣሽ ሲላት፣ አንድ ጊዜ አበድሮኝ ነበር፣ እኔም ወለድ ከፍዬበታለሁ የሚል መልስ ትሰጣለች። በመሀላቸው የቆየ ነገር አለ ማለት ነው። ተውኔቱ ከዚህ በላይ አያብራራም፤ አንዲቷን ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ቆዩ። ቀጥሎ ልዑሉ ራሱ እኔን ታገቢኛለሽ ይላታል። ግማሽ ቀልድ፣ ግማሽ ቁም ነገር። መልሷ በአማርኛ ቁጭ ይላል፦ እርስዎ የክት ነዎት፤ ለዘወትር ሌላ ባል ካልተጨመረልኝ አይሆንም። ልዑልን በእንዲህ ያለ ጨዋነት የመለሰች ሴት በሌላ ተውኔት አላውቅም።

ሁለተኛው ምሽት፦ ተደብቆ መስማት

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአትክልቱ ቦታ ሁለቱ ትዕይንቶች የቆሙት በዚህ ላይ ነው። አንዱ በሁለተኛው ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት ላይ ነው፤ ቤኔዲክ ይታለላል። ሌላው በሦስተኛው ገቢር የመጀመሪያ ትዕይንት ላይ ነው፤ ቢያትሪስ ትታለላለች። ሙሉውን ምሽት ለእነዚህ ብትሰጡት አይከፋም።

እዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቁም። ቤኔዲክ በእውነት ይደበቅ፤ ከበሩ ኋላ፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ፣ የትም። ልዑሉ፣ ክላውዲዮና ሊዮናቶ እንዲሰማ አድርገው ያወራሉ። ቢያትሪስ ሌሊት እየተነሣች ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ታለቅሳለች፣ ጸጉሯን ትነጫለች። ሦስቱ ሳቃቸውን መያዝ አለባቸው፤ ችግሩም ደስታውም እሱ ነው። ከዚያ ቤኔዲክ ብቻውን ይቀራል። ላለማግባት የማለው ሰው በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ይገለበጣል። ዓለም በሰው መሞላት አለባት ብሎ ምክንያት ያበጃል! ሳላገባ እሞታለሁ ያልኩት እስካገባ ድረስ የምኖር ስላልመሰለኝ ነው ይላል። ይህን የሚያነበው ሰው እንደ ቀልድ አያንብበው። አምኖ ይናገር። ሳቁ ያለው እምነቱ ላይ ነው።

የቢያትሪስ ሌላ ነው። ሂሮና ሌላዋ ደንገጡሯ ኡርሱላ የሚያወሩት ስለ ቤኔዲክ ፍቅር ብቻ አይደለም። ስለ እሷ ኩራት ነው። ሰው መውደድ አትችልም፣ ራሷን ብቻ ነው የምትወደው ይላሉ። ተደብቃ የምትሰማው ስለ ራሷ የተባለ እውነት ነው። የቤኔዲክ ትዕይንት በስድ ንባብ ሲሆን ይህ በግጥም ነው። በመጨረሻ ብቻዋን ስትቀር አሥር ስንኝ ብቻ ትናገራለች፤ አንድም ቀልድ የለበትም። ያን ሁሉ ያወራች ሴት አሥር ስንኝ! አንባቢዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታንብበው፤ ሌላው ዝም ይበል።

ከዚህ በኋላ ዘበኞቹ ይመጣሉ። ዶግቤሪ ትላልቅ ቃላት ይወዳል፤ ሁሉንም ያለ ቦታቸው ይጠቀማል። ሌባ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ ሲባል፣ ከመካከላችሁ ሹልክ ብሎ እንዲሄድ ተዉት ይላል። በ1600ው እትም አንድ ትዕይንት ላይ በዶግቤሪ ስም ፋንታ «ኬምፕ» የሚል ታትሟል። ኬምፕ የገጸ ባሕርዩ ስም አይደለም፤ የዚያ ዘመን ታዋቂ ኮሜዲያን ዊል ኬምፕ ነው። ሼክስፒር ሲጽፍ ሰውየውን በዓይነ ሕሊናው እያየ ነበር ማለት ነው። የዶግቤሪን ቀልዶች በእንግሊዝኛ ብቻ ለመሳቅ መሞከር ድካም ነው። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቃላት ሰብስባችሁ፣ ‹ከላይ በመግቢያው እንደተገለጸው› ዓይነቱን፣ ያለ ቦታው እየሰነቀራችሁ ተጫወቱት።

አንድ ቦታ ግን ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በሰርጉ ጠዋት ዶግቤሪና ረዳቱ ቬርጅስ ሊዮናቶ ዘንድ ይመጣሉ። የያዙትን ሰው ቢነግሩት ሁሉ ነገር ይድን ነበር። ዶግቤሪ ግን ያወራል፤ ይዞራል፤ ስለ ቬርጅስ እርጅና ያትታል። ሊዮናቶ ቸኩሎ ጥሏቸው ይሄዳል። ባለ ጉዳይ ሆኖ በር ላይ የቆመ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ሦስተኛው ምሽት፦ ቤተ ክርስቲያኑ

የአራተኛው ገቢር የመጀመሪያ ትዕይንት የተውኔቱ ልብ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ቡናውም ወሬውም ይብቃ።

ክላውዲዮ ሂሮን ለአባቷ «መልሰህ ውሰዳት» ይላል። አባቷ ሊዮናቶ ደግሞ ልጁን ከመጠየቅ ወንዶቹን ያምናል፤ ብትሞት ይሻላል ይላል። የሚያሳዝነው ከክላውዲዮ ይልቅ እሱ ነው። በእኛ አገር በሙሽራ ላይ በአደባባይ ይህን መሰል ነገር ቢነገር ቤተሰቡ ምን እንደሚሆን ተሰብሳቢው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ማብራሪያ አታብዙ።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ቢያትሪስና ቤኔዲክ ይቀራሉ። እሷ ታለቅሳለች። እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ተረብ ያወራል፤ በዓለም ላይ እንዳንቺ የምወደው የለም፣ ይሄ አይገርምም? ይላታል። እሷም ትወደዋለች። እንግዲያው ማድረግ ያለብኝን እዘዢኝ ይላል። መልሷ በእንግሊዝኛው ሁለት ቃል ነው፦ ክላውዲዮን ግደለው።

ብዙ ጊዜ ተመልካች እዚህ ላይ ይስቃል። ከድንጋጤ ነው። ያነበባችሁበትን መንገድ የምትፈትኑት በዚህ ነው። ቢያትሪስ ጮኻ ከተናገረችው ሳቅ ይመጣል። ዝግ ብላ፣ ዓይኑን እያየች ካለችው ግቢው ጸጥ ይላል። ሁለቱንም ሞክሩ። ከዚያ ወንድ በሆንኩ ኖሮ ልቡን ገበያ መሀል በበላሁት ነበር ትላለች። ምላስ እንጂ ሰይፍ የላትም። ቤኔዲክ የጓደኛውን ወገን ይተዋል። እኔን ካሳመኑኝ የፍቅር ንግግሮች ሁሉ ይቺ ውሳኔው ትበልጣለች።

አምስተኛው ገቢር ፈጠን ፈጠን እያለ ያልቃል፤ እናንተም ፍጠኑ። ቤኔዲክ ግጥም ለመጻፍ የሚታገልበትን ቦታ ብቻ አትዝለሉ።

አሁን ፊልሙ

ፊልሙን ከንባቡ በኋላ አድርጉት። ቀድማችሁ ካያችሁት ቢያትሪስን ያነበበችው ልጅ የተዋናይዋን ድምፅ መኮረጅ ትጀምራለች።

መጀመሪያ የ1993ቱን እዩ። ኬኔት ብራና አዘጋጅቶት ቤኔዲክን ራሱ ተጫውቷል፤ ቢያትሪስ ኤማ ቶምሰን ናት። ዴንዘል ዋሺንግተን ዶን ፔድሮ፣ ኪያኑ ሪቭስ ዶን ጆን፣ ማይክል ኪተን ዶግቤሪ ናቸው። የተቀረጸው በጣልያን ቶስካና ነው። ፀሐይ፣ አቧራ፣ ፈረስ፣ ነጭ ልብስ። ሙቀቱ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ድሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ደግሞ የበለጠ። ከጽሑፉ ብዙ ተቀንሶለታል፤ ሁለት ሰዓት አይሞላም።

ከቤተሰብ ጋር የምታዩ ከሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁ። መጀመሪያው ላይ ወታደሮቹና ሴቶቹ ገላቸውን የሚታጠቡበት ትዕይንት አለ፤ ራቁት ሰውነት ይታያል። የመስኮቱ ትዕይንትም እንዲሁ ለልጆች አይሆንም። ሪሞቱን ከአያታችሁ አጠገብ አታስቀምጡ።

የመስኮቱን ነገር ካነሣን፣ ይህን አስተውሉ። በጽሑፉ ላይ የመስኮቱን ማታለያ አናይም። በወሬ ብቻ ነው የምንሰማው። ብራና ግን ያሳየናል። ካየነው በኋላ ለክላውዲዮ ትንሽ ይቅርታ እናደርጋለን፤ ዓይኑ ነው ያታለለው እንላለን። ጽሑፉ ይህን ማስተባበያ አልሰጠውም። በዚህ ተከራከሩ፤ ጥሩ ክርክር ይወጣዋል።

ሁለተኛው የጆስ ዊደን ነው፤ በ2012 የወጣ። ጥቁርና ነጭ ነው። በአዘጋጁ በራሱ ቤት፣ በ12 ቀን ተቀረጸ። ሰዎቹ ሱፍ ለብሰው፣ ስልክ ይዘው የ400 ዓመቱን እንግሊዝኛ ይናገራሉ። ኤሚ አከር ቢያትሪስ፣ አሌክሲስ ዴኒሶፍ ቤኔዲክ ናቸው። ገና ሲጀምር ቤኔዲክ በጠዋት ከቢያትሪስ አልጋ ሹልክ ብሎ ሲወጣ እናያለን። ያችን የብድርና የወለድ ዓረፍተ ነገር አስታወሳችኋት? አዘጋጁ ከእሷ ተነሥቶ ነው የፈረደው። ለእኔ ትንሽ አበዛው፤ ምስጢሩ በምስጢርነቱ ይጣፍጥ ነበር። ዶግቤሪው ናታን ፊሊየን ግን ከኪተኑ ይሻለኛል። አይጮኽም፣ አይወናጨፍም። ራሱን እንደ ትልቅ መርማሪ ቆጥሮ በቁም ነገር ይናገራል። አህያ ሲባል ከልቡ ይከፋዋል።

ብዙ ሳይቀነስ የሚፈልግ ሰው የቢቢሲን የ1984 የቴሌቪዥን ዝግጅት ይፈልግ፤ ሼሪ ሉንጊና ሮበርት ሊንድሴይ ናቸው። ዝግ ያለ ነው። ሙሉውን ከማየት የቤተ ክርስቲያኑን ትዕይንት ብቻ መርጦ ማየት ይሻላል።

የሚመከረው አካሄድ ይኼ ነው። የ1993ቱን ሙሉውን እዩ። ሌላ ቀን የአትክልቱን ቦታ ትዕይንት ከሁለቱም ፊልሞች አከታትላችሁ እዩ። ብራና ከሚታጠፍ ወንበር ጋር ይታገላል፤ ሲያምን ደግሞ ፏፏቴው ውስጥ ገብቶ ይረጫጫል። ዴኒሶፍ መስኮት ለመስኮት እየተሽሎከሎከ ይንከባለላል። የአከር ቢያትሪስ ወሬውን ስትሰማ ከደረጃ ላይ ትወድቃለች። ከዚያ የራሳችሁን ግቢ አስቡ፤ እናንተ ቤኔዲክን ከታንከሩ ጀርባ ነበር የደበቃችሁት። ማን አሳቀ?

የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥር እንዲወጣ አድርጉ። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥራችሁ ፕሮጀክተር ብትጠቀሙ ደስ ይላል። ስፒከሩ ግን ከምስሉ በላይ ዋጋ አለው። የላፕቶፕ ድምፅ ብቻውን ለዚህ ፊልም አይሆንም። መብራት ቢሄድ ያቆማችሁበትን ትዕይንት በስልክ መብራት አንብቡት፤ ጽሑፉ እጃችሁ ላይ ነው።

በስተመጨረሻ አንድ ነገር ከጽሑፉ ጋር አመሳክሩ። ሁለቱ አሁንም እየተጨቃጨቁ ሳለ አንድ ሰው «ዝም! አፍሽን እዘጋዋለሁ» ይላል። በፊልሞቹ ቤኔዲክ ነው፤ ብሎም ይስማታል። በ1600ው እትም ላይ ግን ይህን የሚለው የቢያትሪስ አጎት ሊዮናቶ ነው። ለቤኔዲክ የሰጡት ኋላ የመጡ አርታኢዎች ናቸው። በሊዮናቶ አፍ ሲሆን አጎት ሁለቱን «በቃ፣ ተሳሳሙና ገላግሉን» ብሎ የሚያጋፋ ይመስላል። በሁለቱም መንገድ አንብቡት። ቢያትሪስ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አንድም ቃል አትናገርም። ይህን ለቢያትሪሳችሁ ንገሯትና ምን እንደምትል ስሟት።

ቡድኑ ከተስማማው ለቀጣዩ የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» ወይም «ጠልፎ በኪሴ» ያዙ። ሁለቱም በጋብቻ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ኮሜዲዎች ናቸው፣ በገዛ አማርኛችን። ቢያትሪስ የነበረችው በዚህኛው ትረፍ፤ ዶግቤሪ የነበረው አጎት ግን ማይኩን ካልለቀቀ ዋናውን ሚና ስጡት።